ቫን ፐርሲን «ባንዳ» ያልንበት ሆሳዕና

ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር የሊቨርፑልና የአርሰናልን ጨዋታ እያየን ነበር። እኔ አርሰናል ነኝ። እሱ ማንቼ ነው፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ። በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ 2 ለ 0 ከተመራን በኋላ 2 ለ 2 ወጣን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ላይ ቀረ። በሁለተኛው አጋማሽ የሊቨርፑሉ ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድ ተቀይሮ ገባ። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እዚያው ክለብ ያደገ ልጅ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ኮንትራቱ ሲያልቅ እንደሚሄድ ተናግሮ ነበር። ኳስ በነካ ቁጥር የገዛ ደጋፊው ይጮህበት ጀመር። ጩኸቱ በቴሌቪዥን እንኳ ያማል።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝና «ትዝ አለሽ?» አለኝ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም ያሰብነው አዲሱ ገበያ ያለችውን ኳስ የምናይባትን ዲኤስቲቪ ቤትና የቀድሞውን የአርሰናል አጥቂ ሮቢን ቫን ፐርሲን ነው።

ስለ ቫን ፐርሲ ጎል ብዙ ሰው ያወራል። እኔ ግን ሰውየውን የማስታውሰው በመጠበቅ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከፌይኖርድ በ2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመጣ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። እንደዚያ ያለ ግራ እግር አልነበረም። ቻርልተን ላይ በአየር ላይ እንዳለች የመታትን ኳስ ያየ አይረሳትም። ግን ይጎዳል። ትንሽ ይጫወታል፣ ይጎዳል። ይድናል፣ እንደገና ይጎዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. ለሀገሩ ከጣሊያን ጋር ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተመቶ ለወራት ጠፋ። የዚያን ዓመት ጎል አግቢነት እየመራ ይጨርሳል ብለን ነበር። ማታ ማታ በኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራም የምጠብቀው አንድ ዜና ብቻ ነበር፤ ልምምድ ጀመረ ወይስ አልጀመረም።

ስለዚህ በመጨረሻ ሙሉ ዓመት ሲጫወት እኛ እንደ ድግስ ነው የቆጠርነው። ዓመቱ የጀመረው በመከራ ነበር። ፋብሪጋስ ባርሴሎና ሄደ። ናስሪ ማንችስተር ሲቲ ሄደ። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. በዩናይትድ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፍን። ቫን ፐርሲ አንድ ጎል አገባ፣ አንድ ፔናሊቲ ደግሞ በረኛቸው ዴ ኼያ ያዘበት። ወንድሜ ያን ማታ እራት ላይ ስምንት ጊዜ ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ መታ። እኔ ሳልበላ ተኛሁ።

ከዚያ አዲሱ አምበላችን ቫን ፐርሲ ተነሳ። ሠላሳ ስምንቱንም የሊግ ጨዋታ ተጫወተ። 30 ጎል አገባ። ቼልሲን በሜዳው 5 ለ 3 ስናሸንፍ ሦስቱ የሱ ነበሩ። ኤቨርተን ላይ ሶንግ በተከላካዮች አናት አሻግሮ የላከለትን ኳስ መሬት ሳትነካ በግራው መታት። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ አንድ ደቂቃ ሙሉ ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀን ማንም አላስተዋለውም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የጎረቤት ልጆች አስጠንቼ ባገኘሁት ብር መርካቶ ወርጄ ማልያ ገዛሁ። ስሙንና 10 ቁጥርን ጀርባው ላይ በካውያ የሚያትም ልጅ ነበር። ለማሳተሚያው የተከራከርኩት ለማልያው ከተከራከርኩት ይበልጣል። ማልያ ለብሼ የማላውቅ ሰው ያን ክረምት ሌላ ልብስ ያለኝ አልመሰልኩም።

ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮ ክፍት ነው። ጋዜጠኛው ቫን ፐርሲ በድረ ገጹ ያወጣውን ደብዳቤ አነበበ። ኮንትራቱን አያራዝምም። ክለቡ ወደፊት በሚሄድበት መንገድ አልተስማማም። አንድ ዓመት ነው የቀረው። ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ መታና «ይኼም ሊሄድ ነው?» አለ። መስታወቱ ላይ የአርሰናል አርማ ለጥፏል። «ይኼም» ያላት ቃል ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። ቪዬራ ሄዷል፣ ኦንሪ ሄዷል፣ ፋብሪጋስ ሄዷል። አምበል ያደረግነው ሁሉ ይሄዳል።

ነሐሴ 9 ከዩናይትድ ጋር ስምምነት መደረሱ ተሰማ። 24 ሚሊዮን ፓውንድ። ሌላ የትም ቢሄድ እኮ ይሻል ነበር። በማግስቱ አቡነ ጳውሎስ አረፉ። ሳምንት ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞት ተነገረ። ከተማው በሐዘን ተዋጠ፤ የኳስ ወሬ ተዘጋ። ሀገር ለቅሶ ተቀምጦ እኔ ለአንድ ሆላንዳዊ ኳስ ተጫዋች ማዘኔን ለማን እናገራለሁ? ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ወንድሜ ሰምቷል። ያን ቀን ግን ምንም አላለኝም። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስለ መሄዱ ራሴን አሳምኜ ነበር። 29 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱ ብዙ ጊዜ ተሰብሯል፣ ዋንጫ ማግኘት ይፈልጋል። አርሰናል ከ2005 እ.ኤ.አ. በኋላ ዋንጫ አላነሳም፤ አዲሱን ስታዲየም የሠራበትን ዕዳ እየከፈለ ነው። ይገባኛል። ያልገባኝ ከፈረመ በኋላ የተናገረው ነው። ከባድ ውሳኔ ሲገጥመው ውስጡ ያለውን ትንሽ ልጅ እንደሚሰማ፣ ያ ልጅም ማንችስተር ዩናይትድ እያለ እንደጮኸ ተናገረ።

ያቺ ንግግር ወጋችኝ። አንተ ከኛ ጋር ስምንት ዓመት ስትኖር ያ ትንሽ ልጅ የት ነበር? እኔ እኮ ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው ያንተን ስም የጮህኩት። መሄድ መብቱ ነው። ያለፈውን ስምንት ዓመት ግን ከኔ ላይ ይዞ የሄደ መሰለኝ።

ጥቅምት 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ኦልድትራፎርድ ላይ ገጠምነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፉ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ዲኤስቲቪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባንዲራው ገና አልወረደም። አርሴውም ማንቼውም አንድ ላይ ሲዘፍን የከረመበት ቤት ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተከላካያችን ቬርማለን ኳሷን በደንብ ሳይመታት ቀረ። ቫን ፐርሲ እግር ስር ወደቀች። በቀኝ እግሩ አገባት።

አልጨፈረም። እጆቹን ከፍ አድርጎ ይቅርታ እንደሚል ሰው ቆመ። የማንቼ ልጆች ወንበር ላይ ወጡ። እኔ እጆቹን ብቻ ነው ያየሁት። ሰው ሁሉ «አየሽ፣ አከበራችሁ» አለኝ። እኔ ግን ክብር አልመሰለኝም። ጎረቤትህን ገፍትረህ ጥለህ «ይቅርታ» እንደማለት ሆነብኝ። እረፍት ላይ ደግሞ የኛው አንድሬ ሳንቶስ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገቡ ማልያውን ተቀበለው። ጨዋታው ገና ግማሽ ነው! ሳንቶስ በዚህ የተነሳ ከደጋፊ የደረሰበትን ቁጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል። እኔም ከተቆጡት አንዷ ነበርኩ። 2 ለ 1 ተሸነፍን።

ያን ማታ ማልያዬን አወጣሁ። ጋዜጣ ደርቤ ካውያ አሞቅኩና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ላጥኩ። ቀላል አልነበረም። ሙጫው ጨርቁን ይዞታል። ፊደሉ ሲነሳ ቦታው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ይቀራል። ከላጥኩትም በኋላ ስሙ ይነበብ ነበር።

አሁን ወደ ሆሳዕና።

ሚያዝያ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከቤተ ክርስቲያን የመጣን ልጆች ጣታችን ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። አንዳንዱ ግንባሩ ላይ አስሮታል። ጾም ነው፤ ከሽሮና ከቆሎ በቀር የበላ የለም። ዩናይትድ ከስድስት ቀን በፊት ሻምፒዮን ሆኗል። አስቶን ቪላን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ሦስቱንም ያገባው ቫን ፐርሲ ነው። አንዷን ሩኒ ከሩቅ የላከለትን ኳስ በአየር ላይ እንዳለች መትቶ ነው ያገባት። ያቺ ጎል ውብ ነበረች። ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አላወራሁም።

እንደ ደንቡ ሻምፒዮኑ ሲገባ ተጋጣሚው ተሰልፎ ያጨበጭባል። የአርሰናል ተጫዋቾች በሜዳችን ኤሚሬትስ ላይ ግራና ቀኝ ቆመው አጨበጨቡለት። በራሱ የቀድሞ ሜዳ፣ በራሱ የቀድሞ ጓደኞች መሀል አለፈ። ስታዲየሙ ይጮህበታል። ቤቱም ይጮህበታል። እንደማይሰማን እናውቃለን። አዲሱ ገበያ የተጮኸ ለንደን አይደርስም። ግን ጮህን።

የኛው ዋልኮት በሁለተኛው ደቂቃ አገባ። ጣራው ሊነሳ ደረሰ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ተከላካያችን ሳኛ ቫን ፐርሲን ጠለፈው። ፔናሊቲ። ራሱ መታ፣ አገባ። 1 ለ 1። ያኔ ከኋላዬ አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለና «ባንዳ!» አለ። ቃሏ ወዲያው ዞረች። «ባንዳ! ባንዳ!» አርባ ሰው እያጨበጨበ። እኔም ብያለሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ብያለሁ።

ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሁሌ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የማን ደጋፊ እንደሆኑ ማንም አያውቅም። እረፍት ሲሆን ተነሱና ወደኛ ዞሩ። አልጮሁም። እኔን ነው ያዩኝ፣ ቅርብ ስለነበርኩ ይመስለኛል።

«ልጄ፣ ባንዳ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ዝም አልኩ።

«የዛሬ ሳምንት ፋሲካ ነው። የአርበኞች ቀንም ነው፤ ሚያዝያ 27። አባቴ ጫካ ሳለ ያለበትን ቦታ ለጣሊያን የጠቆመው የገዛ አበልጁ ነው። በሱ የተነሳ ሁለት አጎቶቼ ተሰቅለዋል። ባንዳ ማለት እሱ ነው። ይሄ ልጅ ሥራ ቀየረ። ካልፈለጉ አንሸጥም ማለት የሚችሉ ሰዎች ናቸው የሸጡት። ተናደዱበት፣ ያናድዳል። ያቺን ቃል ግን ለኳስ አታውጧት። እኛ ቤት ውስጥ ደም አለባት።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ማንም ቃሏን አልደገማትም። ቫን ፐርሲ ኳስ ሲነካ «ኡ!» የሚል ነበር፣ እኔም ብያለሁ። ባንዳ ግን አልተባለም። ጨዋታው እዚያው 1 ለ 1 አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። «ኳስ ሥራ ነው፣ ምን ያንገበግባችኋል» የሚሉኝን ሰዎች አልቀበልም። ሥራው የሱ ነው። ፍቅሩ ግን የኔ ነበር፤ እውነተኛም ነበር። እሱ ውል ነበረው፣ የሚያልቅበት ቀን የተጻፈበት። እኔ ውል አልነበረኝም። እሱ ክለብ መቀየር ይችላል፣ እኔ አልችልም። ከስምንት ዓመት በኋላ ተነስቼ ማንቼ ነኝ ብል ወንድሜ ራሱ አይቀበለኝም። ይህ እኩል ያልሆነ ነገር ነው የሚያስጮኸን። አንፊልድ የጮኸውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ደጋፊ ጮኸ ብዬ አልፈርድም። በጩኸቱ ውስጥ የሚወጣው ቃል ነው የሚያስፈራኝ። ተጫዋቹን ሰድበን ክለቡን ነፃ ማውጣታችንም ልክ አልነበረም። ውሉ አንድ ዓመት እስኪቀረው የጠበቀው ክለቡ ነው። ለዩናይትድ የሸጠውም ክለቡ ነው። ለክለቡ ግን «ኡ!» ያለ የለም፤ ክለቡ እኛ ነንና።

በነገራችን ላይ በመጨረሻ የገላገለኝ ራሱ ቫን ፐርሲ ነው። ኅዳር 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ኦልድትራፎርድ ላይ ሩኒ የመታውን ኮርነር በግንባሩ ገጨና አገባብን። በዚያችው ጎል 1 ለ 0 ተሸነፍን። ይህን ጊዜ ግን እጁን ለይቅርታ አላነሳም። ሮጠ፣ ደስ አለው፣ ጮኸ። ቤቱ ውስጥ ያሉ የአርሰናል ልጆች በንዴት ጦፉ። እኔ ደግሞ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ጎል አግብቶ ደስ ያለው አጥቂ። በቃ፣ የሌላ ቡድን አጥቂ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙ ሲነሳ ሆዴን አይቆርጠኝም። ያቺን የኤቨርተን ጎልም ተመልሼ ማየት ቻልኩ። በ2017 ዓ.ም. ፌይኖርድ፣ በዋና ቡድን ደረጃ መጫወት የጀመረበት ክለብ፣ አሠልጣኝ አድርጎ ሲሾመው ሳይ ደስ አለኝ።

ወንድሜ የሊቨርፑል ጨዋታ ካለቀ በኋላ «ማልያዋስ?» አለኝ። እሱ የመሰለው የጣልኩት ነው። አልጣልኳትም። እናቴ ጋ ናት። እንጀራ ስትጋግር ትለብሳታለች፣ ጨርቁ ቀላል ነው፣ አያሞቅም ትላለች። ምጣዱ ላይ ጎንበስ ስትል ከጀርባዋ ፊደሎቹ እስከ ዛሬ ይነበባሉ።