ማስታወቂያውን ትቼ ገንዘቡን ስከተል

የዶክትሬት ትምህርቴን አሜሪካ ውስጥ በአካባቢ ምሕንድስና ስጨርስ እንቅልፍ የነሳኝ 90 የሚለው ቁጥር ነበር። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ከተመረቀ በኋላ በሙያው እንዲሠራ የሚሰጠው ኦፒቲ የተባለው ፈቃድ ለ12 ወራት ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቀመጥ አይቻልም። ቆጠራው በሥራ ፈቃድ ካርዱ ላይ ከሰፈረው የመጀመሪያ ቀን ስለሚጀምር፣ ከሐበሻ ሱቅ ያመጣሁትን፣ የእኛንም የፈረንጁንም አቆጣጠር የያዘ የግድግዳ ካላንደር ሰቅዬ ማታ ማታ አንድ ቀን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝ ነበር። የአክስቴ ልጅ «እስከዚያው ኡበር ንዳ» አለኝ፤ ከተማርሁት ሙያ ውጪ መሥራት እንደማይፈቀድልኝ ባስረዳውም የስንፍና ሰበብ ነው የመሰለው።

የመጀመሪያዎቹን 5 ሳምንታት የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ የሥራ ማስታወቂያ በማሳደድ ፈጀሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በሚሰጠው የድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ (የምርምር የገንዘብ ድጋፍ) ተስፋ ባደረግሁ ማግስት፣ ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ መሆኑን አነበብሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ካደረገልኝ በኋላ ድምፁን አጠፋ፤ ቦታው እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ ላለ ሰው የታሰበ እንደነበር ቆይቼ ሰማሁ።

መንገዱን ያሳየችኝ በዚሁ ፈተና ከእኔ ቀድማ ያለፈች አንዲት የአዳማ ልጅ ናት። «ስማኝ፣ ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው፤ አንተ ገንዘቡ ጋ ቀድመህ ድረስ» አለችኝ። ፋውንዴሽኑ የሚሰጠውን የምርምር ድጋፍ ከፕሮፌሰሩ ስም፣ ከገንዘቡ መጠን፣ ከሚጀምርበትና ከሚያበቃበት ቀን ጋር ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ያወጣዋል፤ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ድጋፉ ገና የተፈቀደለት ፕሮፌሰር ሰው ሊፈልግ ይችላል፤ ሊያልቅበት 4 ወር የቀረው ግን ቢወድህም የሚከፍልህ የለውም።

ለእነዚህ ፕሮፌሰሮች ልልክ ያዘጋጀሁትን የሥራ መጠየቂያ ደብዳቤ ስታነብ ደግሞ ሳቀች። ግማሹ ሰላምታና ምስጋና ነበር፤ «ሠራሁ» ማለት ጉራ ስለሚመስለኝ የአራት ዓመት ልፋቴን ሁሉ «ሠራን» በሚል ሸፍኜዋለሁ። «እና አንተ ምኑን ሠራህ?» አለችኝ። ይሉኝታ አገር ቤት ያስከብራል፤ እዚህ ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው የሌላ ሰው ሥራ ላይ የተለጠፍሁ አድርጎ ይወስደኛል። ስለዚህ በ8 መስመር እንደገና ጻፍሁት፦ በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን እንደሚያልፍ፣ ያንን ለማጣራት በአጥንት ከሰል ላይ እኔ ራሴ ምን እንደ ሞከርሁ፣ ይህም ፕሮፌሰሩ ድጋፍ ካገኙበት ሥራ የትኛውን ክፍል እንደሚያግዝ። መጨረሻው መስመር ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚለያይ፣ በቀን ከሁለት ደብዳቤ በላይ መጻፍ አልቻልሁም።

ከ23 ፕሮፌሰሮች 6 መለሱልኝ፤ ሁለቱ በቪዲዮ አነጋገሩኝ። የቅጥር ደብዳቤው በ71ኛው ቀን ደረሰ፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ወረቀቱን ሲያጓትት ሥራ የጀመርሁት ግን በ84ኛው ነው። እነዚያን 13 ቀናት እህል በአግባቡ አልበላሁም።

ውሌ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የአለቃዬ ድጋፍ የሚያበቃበትን ቀን ከመዝገቡ አይቼ በአዲሱ ካላንደር ላይ አክብቤዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ አዲስ የተፈቀዱትን ማየት ከጀመርሁም ሁለት ወር ሆነኝ።