የተለወጠው ሞተር፣ የተወራለት ወንበር

እናቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ኦክላንድ በመጣችበት ሰሞን፣ ማክአርተር ከተባለው ጣቢያ ባርት የተባለው ባቡር ላይ ይዣት ልሳፈር ስል በሩ ላይ ድንገት ቆመች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ይጠብቃል፣ በሩም ሊዘጋ ነው፤ እርሷ ግን የፉርጎውን ወለል ትክ ብላ እያየች «ልጄ፣ ጫማ አይወለቅም እንዴ?» አለችኝ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ የለበሰ ነበር። እጇን ይዤ ካስገባኋት በኋላ እንኳ እስከምንወርድበት ጣቢያ ድረስ እግሮቿን ሰብስባ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ እንደገባ እንግዳ ተቀምጣ ሄደች።

ስለ እነዚያ ፉርጎዎች ለመጻፍ ያሰብኩት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ከተሞችን የሚያገናኘው ይህ ፈጣን ባቡር የመጀመሪያዎቹን ፉርጎዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲጠቀምባቸው፣ እየጠገነ፣ እያደሰ፣ አንዱን ነገር አውጥቶ ሌላውን እያስገባ ነው ያቆያቸው። እኔን የገረመኝ ግን እድሳቱ ራሱ ሳይሆን፣ ተሳፋሪው ከእድሳቱ ውስጥ የትኛውን እንዳየና የትኛውን ጨርሶ እንዳላየ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባርት ሥራ የጀመረው መስከረም 11 ቀን 1972 ሲሆን፣ የመጀመሪያው መስመር ከዚሁ ከማክአርተር ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ፍሪሞንት የሚደርስ፣ አሥራ ሁለት ጣቢያዎች ያሉት፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው ነው። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን መጥተው ተሳፍረውበታል። ፉርጎዎቹን የሠራው በደቡብ ካሊፎርኒያ ቹላ ቪስታ የሚገኘው ሮር የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ የዚህ ኩባንያ ዋና ሥራ የአውሮፕላን አካላትን ማምረት ነበር። ይህንን ያወቀ ሰው የፉርጎዎቹ መልክ ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ አካላቸው አሉሚኒየም፣ መስኮታቸው ሰፊ፣ የመሪው ፉርጎ አፍንጫ ሾጠጥ ያለ፣ ውስጣቸው ደግሞ በምንጣፍና በሱፍ ጨርቅ የተሸፈኑ 72 መቀመጫዎች የተደረደሩበት ነበር። የዘመኑ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ የከተማ ዳርቻ ነዋሪ መኪናውን ትቶ ባቡር እንዲሳፈር ከተፈለገ፣ ባቡሩ ከመኪናው ወንበር ያላነሰ ምቾት ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ ተሳፋሪው እንደ ጭነት ሳይሆን እንደ እንግዳ ታሰበ። እናቴ ሳታውቀው በአንድ ጥያቄ የነካችው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ እድሳት የተጀመረው ፉርጎዎቹ ሃያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በ1995 አድትራንዝ ለተባለው ኩባንያ ውል ተሰጥቶ፣ ከሮር ፉርጎዎች 439ኙ ተራ በተራ ተፈትተው እንደገና ተገጣጠሙ፤ ሥራውም በ2002 ተጠናቀቀ። የዚህ እድሳት ልብ የነበረው ከወለሉ በታች ያለው ነገር ነው። የድሮዎቹ ሞተሮች የሚሠሩት በቀጥተኛ ጅረት፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያደርሱ፣ በየጊዜው እየተበሉ የሚያልቁና መለወጥ የሚገባቸው የካርቦን ቁርጥራጮች አሉት። በምትካቸው የገቡት የተለዋዋጭ ጅረት ሞተሮች ይህ የሚበላ ክፍል የሌላቸው በመሆናቸው ጥገናው በእጅጉ ይቀንሳል። ለባቡር መሐንዲስ ይህ አንድን አሮጌ ሰው አዲስ ልብ ሰጥቶ እንደማስነሣት ያለ ነገር ነው።

ተሳፋሪውስ? በፍሪሞንት መስመር ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኝ ሆቴል ለሥራ ሲመላለሱ የኖሩ አንድ ጋሼ በሰፈራችን አሉ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ በባቡሩ ላይ ምን ለውጥ እንዳዩ አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አሰብ አድርገው «ሲነሣ የሚያዜመው ዜማ ተለወጠ መሰለኝ እንጂ ሌላስ ምንም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ የአዲሶቹ ሞተሮች መቆጣጠሪያ ባቡሩ ሲነሣና ሲቆም የተለየ ድምፅ ያወጣል። ሰባት ዓመት የፈጀው ሥራ በእርሳቸው ትዝታ ውስጥ የቀረው ዜማ ሆኖ ነው። ይህንን የምለው ለነቀፌታ አይደለም። እኔም በዚያ ዘመን ስሳፈር የታደሰውን ካልታደሰው ለይቼ አላውቅም ነበር።

መቀመጫው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

በ2011 መጋቢት ወር የአካባቢው ጋዜጠኞች ከአንድ የባርት መቀመጫ የተወሰደ ናሙና በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እንዲመረመር አድርገው፣ በጨርቁ ውስጥ ከሰው ቆዳና ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎች መገኘታቸውን አስነበቡ። ከዚህ ይልቅ ሰውን ያስደነገጠው፣ መቀመጫው በአልኮል ከተጠረገ በኋላም ባክቴሪያዎቹ ማደጋቸውን አለማቆማቸው ነው። ዜናው በወጣ ሳምንት በባቡሩ ውስጥ የታየውን አልረሳውም፤ ባዶ መቀመጫ እያለ የሚቆመው ሰው በዛ፣ የተቀመጠውም እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ጨርቁን ላለመንካት ይጠነቀቅ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ላቡን፣ ዝናቡን፣ ቡናውን እንዳፈሰሰበት ማንም ሳይነግረው ሊገምተው ይችል የነበረውን ነገር፣ ቤተ ሙከራ ሲናገረው ግን ሌላ ሆነ።

ባርት የሱፍ ሽፋኑን አንሥቶ በሚወለወል ሰው ሠራሽ ቆዳ መተካት የጀመረው በ2012 ሲሆን፣ በ2014 መጨረሻ በሁሉም ፉርጎዎች ላይ ጨረሰ። በሞተሩ እድሳት ጊዜ ምንም ያልተናገረው ተሳፋሪ አሁን ሁሉም ባለ አስተያየት ሆነ። ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ጠዋት ከእኔ ጋር በአንድ ባቡር የምትመለስ የአገሬ ልጅ፣ ነርስ በመሆኗ ይሁን በጠባይዋ፣ ካፌም ሆነ አውቶቡስ ሶፍት ሳታነጥፍ የማትቀመጥ ነበረች። አዲሱን መቀመጫ ያየች ዕለት ከቦርሳዋ የማይጠፋውን ማጽጃ አውጥታ አንድ ጊዜ ጠረገችውና፣ ሶፍቱን መልሳ ከትታ «ተመስገን!» ብላ ተደግፋ ተኛች። ያ ጋሼ ግን ፈጽሞ አልተስማሙም። ከፍሪሞንት እስከ ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስደውን መንገድ በእንቅልፍ የሚያሳልፉ ሰው ናቸውና፣ ሱፉ ሰውነትን ይዞ እንደሚያስተኛ፣ አዲሱ ግን ባቡሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እንደሚያንሸራትት፣ በጠዋት ቅዝቃዜም እንደ ድንጋይ እንደሚቀዘቅዝ ይናገሩ ነበር። «ወንበሩ ለማጽዳት እንጂ ለመቀመጥ አልተሠራም» የሚለው አባባላቸው በቤተ ክርስቲያን ግቢያችን ከቅዳሴ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲያስቅ ከርሟል።

እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ፤ ሆኖም ጋሼ ያሉት ውስጥ እውነት አለ። የእኛን አገር ሳሎን ያየ ሰው ይህን ክርክር ቀድሞ ያውቀዋል። አዲስ ሶፋ ሲገዛ የመጣበት ላስቲክ ለወራት አይነሣለትም፤ ሲነሣም ዳንቴል ይለብሳል፤ ሶፋው ሳይቆሽሽ ኖሮ፣ ሰው ግን ሳይመቸው ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ባለቤቶችም ለወንበራቸው የሚያለብሱት ከዚህ የተለየ አይደለም። ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ከጨርቅ ይልቅ የሚታጠብ መሆን እንዳለበት እኛ ያለ ምርምር የደረስንበትን፣ የባርት ነዳፊዎች ደግሞ ተሳፋሪውን አክብረው በሱፍ ጀምረው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ደረሱበት።

ምንጣፉም በእነዚያው ዓመታት ቀስ በቀስ ተነሥቶ በሚጠረግ ጠንካራ ወለል ተተካ። ስለ እርሱ ብዙ አልተወራም፤ ወለል የሚነካው ጫማ እንጂ አካል አይደለምና። የገረመኝ ግን ፉርጎው ሰፍቶ መታየቱና ድምፅ መጨመሩ ነበር። ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል፤ ከተነሣ በኋላ የቁልፍ መውደቅ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ጀመር።

ስለ ድምፅ ካነሣሁ አይቀር፣ ከሁሉ ይልቅ ተሳፋሪን ሲያማርር ስለኖረው ስለ መንኮራኩሩ ጩኸት መናገር ይገባኛል። ከኦክላንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከባሕር በታች በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሁለት ጓደኛሞች ወሬያቸውን በግማሽ አቁመው፣ በወዲያኛው በኩል ሲወጡ ካቆሙበት መቀጠል የተለመደ ነበር። ምክንያቱ ከመነሻው ዲዛይን ይመነጫል። የአብዛኛው ባቡር መንኮራኩር ሐዲዱን የሚነካበት ገጽ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ ነው፤ በጥምዝ ላይ የውጭኛው መንኮራኩር ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መጓዝ ስላለበት፣ ባቡሩ በጥቂቱ ወደ ውጭ ሲገፋ የውጭኛው በሰፊው ዙሪያው፣ የውስጠኛው በጠባቡ ዙሪያው እየተሽከረከሩ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። የባርት መንኮራኩር ግን ገጹ እንደ ጣሳ ቀጥ ያለ ስለነበር በጥምዝ ላይ ከንፈሩ ከሐዲዱ ጎን ጋር ይፋተግና ያጮኻል። በ2010ዎቹ ማብቂያ ገደማ መሐንዲሶቹ ዘንበል ያለ ገጽ ነድፈው መንኮራኩሮቹን በዚያ መልክ እየከረከሙ በሁሉም ላይ አዳረሱ፤ ጩኸቱም በግልጽ ቀነሰ።

ለዚህ ያመሰገነ ሰው አልሰማሁም። እኔ ራሴ ያስተዋልኩት፣ አንድ ቀን በዋሻው ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለእህቷ በስልክ የምትነግራትን የሠርግ ወጪ ዝርዝር ከነሳንቲሙ እየሰማሁ መሆኔን ሳውቅ ነው። ደግሞም በአማርኛ ነበር፤ ስለዚህ አለመስማት አልቻልኩም።

በዚህ መሐል አሮጌዎቹን የሚተኩት አዲሶቹ ፉርጎዎች እየመጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ተሳፋሪው አስቀድሞ ተጠየቀ፤ በ2014 የፉርጎው ሞዴል በየአደባባዩ ቆሞ ሕዝብ እየገባ እንዲቀመጥበት፣ ምሰሶውን እንዲይዝ፣ አስተያየቱንም በጽሑፍ እንዲሰጥ ተደረገ። እኔም ገብቼ ስለ መቀመጫው ልስላሴና ስለ መያዣው ከፍታ የተዘጋጀውን መጠይቅ ሞልቻለሁ። ስለ ሞተሩ የቀረበልኝ ጥያቄ አልነበረም፤ ቢቀርብም የምመልሰው አልነበረኝም። የመጀመሪያው አዲስ ባቡር ጥር 19 ቀን 2018 ከማክአርተር ተነሥቶ ሥራ ጀመረ፤ በየጎኑ ከሁለት በር ይልቅ ሦስት አለው፤ መቀመጫው ያነሰ፣ የመቆሚያው ቦታ የሰፋ ነው፤ ቀጣዩን ጣቢያ የሚያሳዩ ስክሪኖችም አሉት። ጋሼ ጡረታ በመውጣታቸው ብዙም አልተቀመጡበትም፤ አንድ ጊዜ ተሳፍረው አረንጓዴውን መቀመጫ በጣታቸው መታ መታ ካደረጉ በኋላ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

አሮጌዎቹ የተሰናበቱት ሚያዝያ 20 ቀን 2024 ነው። ከማክአርተር ጥቂት ደቂቃ በእግር ብትሄዱ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ተደርድረው ታገኛላችሁ፤ እኔም ከዚያ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ጣቢያው ስሄድ ሰልፉ ከጠበቅሁት በላይ ረዝሞ ጠበቀኝ። ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ የተሸከሙ አባቶች፣ ካሜራ የደገኑ ወጣቶች፣ በዊልቸር የመጡ አረጋውያን ነበሩ። የመጨረሻው ጉዞ እንደ መጀመሪያው ቀን ከማክአርተር ወደ ፍሪሞንት ሆነ። ከእነዚህ ፉርጎዎች ሦስቱ ሪዮ ቪስታ አጠገብ ወደሚገኘው የባቡር ሙዚየም ሄደው ይቀመጣሉ።

በሰልፉ ላይ ቆሜ የሰማሁት ወሬ ስለ ምን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። አንዲት ሴት ለልጅዋ፣ እግሯን በጠንካራው ወለል ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገች፣ እዚህ ምንጣፍ ነበረ ትላለች። ሌላው ስለ ሱፉ ልስላሴ ያነሣል፤ ሌላው ስለ ሽታው፤ ሽታውን እንኳ የናፈቀ ሰው ነበር። በ2011 እጃቸውን ጭናቸው ላይ ካሳረፉት ሰዎች መካከል ስንቶቹ በዚያ ሰልፍ ላይ እንደነበሩ ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ራሴ አንዱ ነኝና አፍሬ ተውኩት።

ማታ የባቡሩን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላትና፣ ያ በአንድ ወቅት የተሳፈርንበት ባቡር ዛሬ ተሰናበተ፣ ምንጣፉ ግን ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል አልኳት። ጥቂት ቆይታ በድምፅ መለሰችልኝ፦ «ምንጣፉን ለምን አነሡት? ቆሽሾ ነው? ታጥቦ አይመለስም ነበር?»