ድሬ ላይ ቤት ስገዛ ከእህቴ የሰማሁት የጠቀመኝ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቤት ለመግዛት ስነሳ መጀመሪያ የደወልኩት ሚኒሶታ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ነው። እሷ የመጀመሪያ ቤቷን የገዛችው እ.ኤ.አ. በ2010፣ የአሜሪካ መንግሥት ለቤት ገዢዎች የግብር ቅናሽ በሚሰጥበት ሰሞን ነበር።

የቤት ገበያው ሲወድቅ በ2008 እስከ 7,500 ዶላር ተፈቀደ፤ ግን በ15 ዓመት የሚመለስ ብድር ነበር። በ2009 መመለሱ ቀረና ጣሪያው 8,000 ሆነ። ውሉ እስከ ኤፕሪል 30፣ 2010 መፈረም ነበረበት።

«ቀኑን ሻጩም ያውቀዋል» አለችኝ። «ትንሽ ቀንስልኝ ስለው፣ ከመንግሥት ስምንት ሺህ ታገኚ የለ እንዴ አለኝ።» ቀኑ እንዳለፈ ገበያው ቀዘቀዘ። በጁላይ የነባር ቤቶች ሽያጭ ከጁን በ27 በመቶ ገደማ ወረደ። ኋላ ሊገዛ ያሰበው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ገዝቷላ!

ሕጉ ጥቅሙን ለገዢ ሰጠ። ቤት ባነሰበት፣ ገዢ በተጣደፈበት ቦታ ግን ከፊሉ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ለሻጭ ተረፈ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቅናሽ የለም። ስሌቱ ግን ያው ነው። በአዋጅ 979/2008 መሠረት፣ ግብሩ የሚመለከተው ቤት ከሆነ፣ ከሽያጩ ትርፍ 15 በመቶ የሚከፍለው ሻጭ ነው። 2 በመቶው የቴምብር ቀረጥ ደግሞ የገዢ ነው። ደላሎቹ ግን «አቦ፣ የመንግሥቱ ሁሉ ባንተ ነው» ብለው ይጨርሱታል። ዋጋ ሲሰቅሉም የሚጠሩት በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። ገና ላልመጣው ሥራ ዛሬ ክፈል ማለት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሻጭ ሁለት ዋጋ ጠየቅኩ፦ ግብሩን እሱ ሲከፍል ስንት፣ እኔ ስከፍል ስንት። ብዙዎቹ መልስ አልነበራቸውም፤ እነሱን ተውኳቸው። ከዚራ ሰፈርን ገና ከመነሻው ትቼዋለሁ፤ ቤቱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር በርካሽ ያሳዩኝንም አልወሰድኩም። የ1998ቱን ጎርፍ ድሬ ላይ የሚረሳ የለም።

የተስማማነው ከአንድ አዛውንት ጋር ነው። ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ግቢያቸው ባለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ደላላው ባመጣው ረቂቅ ውል ሦስተኛው መስመር ላይ «ማንኛውንም የመንግሥት ክፍያ ገዢ ይሸፍናል» ይላል። ጣቴን እሱ ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ ይሄ ከተነሳ ዋጋው ስንት ነው?» አልኳቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ በስክሪብቶ ሰርዘው ትንሽ ጨመሩ። የጨመሩት ከግብሩ ግምት ያንስ ነበር። ካርታው ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን ካጣራሁ በኋላ ቀብዱን ከፈልኩ።

አሁን የከተማ አስተዳደር ለጀማሪ ገዢዎች ቅናሽ ቢያስብ ደስ ይለኛል። ከሱ በፊት ግን ውሃና መንገድ የገባለት ቦታ በብዛት ይቅረብ። ቦታው ሳይበዛ ቅናሹ ብቻ ከመጣ፣ ሳቢያን ላይ ዋጋ የሚያወጣው ያው ደላላ ነው።