የሀብታም ጭቃ ቤት

«ልጄ፣ ጭቃ ቤት ተወለድኩ፤ ጭቃ ቤት ሠርጌን ደገስኩ፤ ከጭቃ ቤት ለመውጣት 40 ዓመት ነገድኩ። አሁን በእርጅናዬ ተመልሰው ይግቡ ትይኛለሽ?»

ሐጂ ይህን ሲሉኝ አቦሉ ገና አልተቀዳም። ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «የውጪው ግድግዳ አፈር ነው» ካልኩ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ወረቀቴን ጠቅልዬ ልውጣ ወይስ ቡናዬን ልጠጣ ብዬ ሳመነታ፣ ባለቤታቸው ከረከቦቱ ጀርባ ቀና አሉና «ሐጂ የሚሉት ሌላ፣ የኔ ጉልበት የሚለው ሌላ» አሉ። «እዚህ ብሎኬት ቤት ከገባን ወዲህ ሌሊት ሌሊት ይቆረጥመኛል። እዚያኛው ቤት አንድ ጋቢ ይበቃኝ አልነበር?»

ሥራውን ያገኘሁት በእሳቸው ጉልበት ነው።

ያደግኩት ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። ሥራዬ ቤት መንደፍ ነው። ሳይት ላይ ሁሉም «ኢንጂነር» ይለኛል፤ አርክቴክት መሆኔን ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። ወደ እኔ የሚመጡት አቅም ያላቸው ሰዎች ናቸው፦ ነጋዴ፣ ከውጭ የተመለሰ፣ ለእናት አባቱ የሚያሠራ ልጅ። ብዙዎቹ «አካባቢን የማይጎዳ ዘመናዊ ቤት» ብለው ይጀምሩና ዝርዝሩ ሲመጣ ነገሩ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓነል የተቀመጠበት የመስታወት ቤት ሆኖ ይገኛል። እኔ እንዴት እንደምሠራ በሐጂ ቤት ላጫውታችሁ፤ ፈቅደውልኛል፤ «ስሜን ብቻ አትጻፊ» ብለው።

መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር ደንበኛ ያስቀይማል፦ ማን ነው የሚያድርበት? ሐጂ በስልካቸው ይዘው የመጡት የዱባይ ቪላ ነው። ጂ ፕላስ 2፣ እኔ ስቆጥረው 540 ካሬ። አንድ ልጃቸው ጅዳ ነው፣ ሁለቱ አዲስ አበባ። ቤቱ የሚያድሩት እሳቸው፣ ባለቤታቸውና አንዲት የልጅ ልጅ ብቻ ናቸው። «ለአረፋ ግን 30 ሰው ይመጣል» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ግን 30 ሰው የሚመጣው ለጥቂት ቀን ነው፤ ለዚያ ብሎ ስድስት ባዶ መኝታ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲያስጠርጉ ሊኖሩ ነው። እኔ በምትኩ አንድ ሰፊ አዳራሽ አወጣሁና ዙሪያውን መደብ አደረግኩበት፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ፍራሽ አንጥፈው ይተኙበታል። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው። ቤቱ 290 ካሬ ላይ ቆመ።

«ግማሹን ቤት ወሰድሽብኝ።»

ወሰድኩ። ያ 250 ካሬ ይበላው የነበረውን ሲሚንቶ የትኛውም የፀሐይ ፓነል አይመልሰውም።

ስለ ሲሚንቶው ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ አረንጓዴ ቤት ሲያወሩ ግማሹ ወሬ ስለ መብራት ፍጆታ ነው። ከሰልና ጋዝ አንድደው ለሚያበሩ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን መብራቱ (በሚመጣበት ቀን) ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት አየሩን የሚበድለው ገና ሰው ሳይገባበት፣ በሲሚንቶው፣ በፌሮው፣ በአሉሚኒየሙ፣ ባሕር ተሻግሮ በመጣው ሴራሚክ ነው። ሲሚንቶ ሲሠራ የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ ይቃጠላል፤ ከነዳጁ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ አምቆ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ገደማው ከሲሚንቶ ነው። ኖራ 900 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋዩ ከለቀቀው ውስጥ ቀስ እያለ መልሶ ይስባል። ሐጂ ቤት ሲሚንቶ አልገባም አልልም፤ መሠረቱ ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ የውሃ ገንዳው ላይ ገብቷል። «አንድ ከረጢት አልነካሁም» የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ ገና ክረምት አልመጣበትም ማለት ነው።

ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ኮቱን ያወልቃል። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም ከተማ ላይ የሚሠራው ግን ያው ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ቤት ነው፤ ደሴ ላይ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፣ ኮምቦልቻ ላይ ከቀትር በኋላ ይቀቅላል። ኮምቦልቻ ቢሆን ለሐጂ ጥላና ነፋስ ነበር የምፈልግላቸው። ደሴ ላይ የምፈልገው ፀሐይ ነው።

እኛ ያለነው 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር፣ ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ፣ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ወደ ደቡብ ካዞርኩ በብርዱ ወራት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን ታሞቃለች፤ 50 ሳንቲ ሜትር የአፈር ግድግዳ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። የባለቤታቸው ጉልበት የሚያውቀው ይህንን ነው። ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬትና ቆርቆሮ ይህን አይችልም።

ችግሩ መንገዱ በሰሜን በኩል መሆኑ ነበር። ሐጂ የቤቱ ፊት መንገድ ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። «አላፊ አግዳሚ ጀርባዬን ሊያይ?» ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። አንድ ቀን ቦታው ላይ ቆመን ዙሁር ደረሰ፤ ምንጣፋቸውን አነጠፉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ለካ መካ ከደሴ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል! እኔ ለፀሐይ ብዬ ያሰመርኩት ቤት ከነግድግዳው ከቂብላ ጋር ገጥሟል። ሰግደው ሲጨርሱ በንድፉ ላይ አሳየኋቸው፦ የመንገዱ በኩል መስኮት የሌለው፣ ጸጥ ያለ የመስገጃ ክፍል ይሆናል፤ ግድግዳው ፊት ለፊት ቂብላ ነው፤ ምንጣፍ በሰያፍ ማንጠፍ የለም። ዝም ብለው አዩትና «ይሄን መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር?» አሉ። እኔም ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ አልነገርኳቸውም።

አሁን ወደ ጭቃው። መጀመሪያ መናዘዝ አለብኝ፦ ከጥቂት ዓመት በፊት ለሌላ ሰው የሠራሁት የመጀመሪያው የአፈር ቤቴ አንድ ጎኑን በልግ ላጠው። ፎቶ ላይ እንዲያምር ብዬ የጣሪያውን ክፈፍ 30 ሳንቲ ብቻ አድርጌው ነበር። ልስኑ እንደ ድንች ልጣጭ እየተቀረፈ ሲወርድ ግንበኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየና «ኢንጂነር፣ ይሄን ቤት ያለ ጃንጥላ ነው ያቆምሽው» አለኝ። ያስጠገንኩት በራሴ ገንዘብ ነው። አሁን ክፈፌ ከ1 ሜትር አያንስም፤ ግድግዳው ከመሬት እስከ 80 ሳንቲ ድረስ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ወሎ ላይ ሞልቷል፤ ሩቅ አይኬድለትም።

አፈሩ ከዚያው ከመሠረቱ የወጣው ነው። በመስታወት ማሰሮ ከውሃ ጋር በጥብጬ አሳድረዋለሁ፤ አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ሸክላው ከላይ፤ መጠኑን በዓይን ታነቡታላችሁ። የሐጂ አፈር ሸክላ በዝቶበት ሲደርቅ ይሰነጠቅ ስለነበር አሸዋ ጨመርንበት። ከዚያ ጭድ። የስንዴ ጭድ ላስመጣ ስል ጭቃ ከሚያቦኩት አንዷ እናት ሳቁብኝ፦ «የጤፍ ነው እንጂ የሚያያይዘው!» ልክ ነበሩ፤ የጤፍ ጭድ ቀጭን ስለሆነ እንደ ክር ይገባል። ሦስት ሳምንት እየተረገጠ ይቦካል። ሲበስል ይሸታል፤ ጎረቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ አጉረምርሟል። ለመጨረሻው ልስን ኖራና አሸዋ፣ በእጅ መዳፍ ታሽቶ። ሐጂ የናሙናውን ግድግዳ ሲነኩ «ይሄ ጭቃ ነው?» ያሉት በጥርጣሬ ነው፤ እኔ እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ወሎ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው ያለው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። ከባድ ግድግዳ ያለ ማሰሪያ መገንባት ሰው ላይ መፍረድ ነው። እኔ መልሱን ያየሁት ላስታ ነው፤ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ነው የተሠራው። ጎብኚ ነጭና ጥቁሩን እያየ ያደንቃል። እኔ ስሄድ እንጨቱ ማዕዘኑ ላይ እንዴት እንደሚጠላለፍ ነው ቆሜ ስቆጥር የዋልኩት። ሐጂ ቤትም በየ60 ሳንቲው ግድግዳውን የሚዞር እንጨት አለ። የስትራክቸር መሐንዲሱ ግን «ከላይ የአርማታ ቀለበት ካልሄደበት አልፈርምም» አለ። ተጣላን፣ ተረታሁ፤ እሱ ነው ልክ።

እንጨቱ የመጣው ከፈረሱ የደሴ ቤቶች ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ለፎቅ ቦታ ሲለቁ ምሰሶው፣ ሣንቃው፣ በሩ ለማገዶ ይሸጣል። ስንት ዓመት ጣሪያ የተሸከመ ጥድ፣ ምስጥ ያልደፈረው፣ እንጀራ ሊጋገርበት! ፈራሽ ቤት ሳይ ጠጋ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ደላላ እመስለዋለሁ። የሐጂ ዋና በር ከእንዲህ ካለ ቤት የወጣ ነው፤ የድሮ ባለቤቶቹ ልጆች የጥርስ ምልክት የመሰለ ነገር ታችኛው ጠርዝ ላይ አለ፣ እንዳይፋቅ ብያለሁ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ውሃ እፈልጋለሁና። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። ደሴ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል፤ ከነክፈፉ 350 ካሬ ጣሪያ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 280,000 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ገንዳው በዓመት ሁለቴ ይሞላል፣ ከባለ አንድ ዝናቡ አገር ባነሰ ገንዳ እንብቃቃለን። ከምድር በታች 60 ሜትር ኩብ ቆፈርን። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ይዞ ወደ ጓሮው አትክልት ይሄዳል፣ ቀጣዩ ወደ ገንዳው።

ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ኮርኒስ አለ፣ በላዩ በቀጭን ጭቃ የተለወሰ ጭድ ተነጥፎበታል። ይህ ለብርዱ ነው፣ ግን ለእኔ ሌላም ነው። ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወሬ የጀመረ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ እስኪያባራ አፍ ለአፍ ገጥሞ መጮኽ ነው። ሐጂ «ቅንጦቱ የታል?» ባሉኝ ቁጥር የምመልስላቸው ይህን ነው፦ ዝናብ እየዘነበ ሳይጮኹ ያወራሉ። የእብነ በረዱን ደረጃ እስካሁን አልረሱትም፣ ይጠይቁኛል።

ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ከቀነስነው ካሬ የተረፈው ገንዘብ ጥሩ አድርጎ ለጠራቢ፣ ለአናጢና ለአቡኪ ሄዷል። ሐጂ ነጋዴ ናቸው፣ ሒሳቡን ከእኔ ቀድመው አገኙት፦ «የሲሚንቶውን ብር ለቀን ሠራተኛ ነው ያዞርሽው» አሉ። ቅር ያላቸው አልመሰለኝም፤ ግማሹን ሠራተኛ በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት።

ግድግዳው አሁን ከመስኮት በላይ ወጥቷል። ከበልግ በፊት ጣሪያውን ካላገባን ጉድ ነው፤ አናጢው ደግሞ ሠርግ አለብኝ ብሎ አራት ቀን ጠፍቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሳይት ስደርስ የሐጂ ባለቤት ገና ወለል በሌለው ቤት ውስጥ ጀበናቸውን ጥደው አገኘኋቸው። ለቡና ብዬ ምሥራቁ ማዕዘን ላይ ቦታ አውጥቼላቸው ነበር፤ እሳቸው የተቀመጡት ደቡቡ መስኮት ሥር፣ ፀሐይዋ ያረፈችበት ላይ ነው። «እዚህ ነው የምቀመጠው» አሉኝ። መደቡ በዚያ በኩል ማለፉ ስለሚቀር ዛሬ ንድፉን እያስተካከልኩ ነው።