ቀብር የሚጠብቀው ልጅ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

የዘንድሮን የገና መልእክት ልጽፍ ስቀመጥ አንድ የዴንማርክ ፊልም ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ስሙ በአማርኛ «በኅብረት የማልቀስ ጥበብ» እንደማለት ነው። ዳይሬክተሩ ፒተር ሾናው ፎግ ከኤርሊንግ ዬፕሰን ልብ ወለድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። በቀጣዩ ዓመት የኖርዲክ (የሰሜን አውሮፓ አገሮች) ምክር ቤትን የፊልም ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በደቡብ ዩትላንድ ገጠር፣ ወደ ጀርመን ድንበር ገደማ ነው። አላን 11 ዓመቱ ነው። አባቱ ወተት ይሸጣል። ቤት ውስጥ ሆድ ይብሰዋል፣ ያለቅሳል፣ ራሴን አጠፋለሁ ይላል። አንድ ነገር ግን ተክኖበታል፤ ቀብር ላይ መናገር። እሱ ሲናገር ለቀስተኛው ሁሉ ያነባል። የኛዎቹን አልቃሾች አስታወሰኝ፤ ሙሾ አውርደው የደረቀ ዓይን የማያስቀሩትን።

እንዲህ ባለ ቀን አባት ደስ ብሎት ቤት ይገባል። ቤቱም ሰላም ያድራል። አላን ይህን ልብ ይላል። እንግዲያው ቤታችን ሰላም እንዲሆን ሰው መሞት አለበት! የልጅ ሒሳብ ነው። ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን እህቱ ሳኔ መጣች። አባት ሲከፋው ሌሊት ሶፋው ላይ አብራው የምትተኛው እሷ ናት። አላን ይህን ማጽናናት ይለዋል። እኛ ምን እየተደረገ እንደሆነ ይገባናል። እናት ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒኗን ውጣ ትተኛለች።

ከሁሉ ያሳመመኝ እናትየዋ ናት። ምክንያቱም አውቃታለሁ። «የሰው ገመና ነው፣ ምን አገባን» የምንል ሁሉ ያቺን ኪኒን ውጠናል። ልጁ ግን አባቱን ይወዳል። ፊልሙ ይህን ፍቅር አያቃልልበትም፤ እዚህ ላይ ነው ያከበርኩት። ልጅ የሚወደው ሰው ሌላውን እንደሚጎዳ ቢያይም መውደዱን አያቆምም፤ የቤቱን ሰላም በጫንቃው ይሸከማል።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። በዓል ሲመጣ አባቱ ይጠጣል፣ እሱ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ ምንም አትጠይቀውም፤ አንድ ሰሃን ትጨምራለች። ድፎው ሲቆረስ ሁላችንም እንንጫጫለን። እሱ በር በሩን ያያል። ማንም ሳያዘው ዕቃ ያነሣል። አባቱን በክፉ ያነሣ ሰው ካለ ፊቱ ይቀየራል፤ «አባዬ ጥሩ ሰው ነው» ይላል።

ማታ ከእኔ ጋር ይተኛል። ጫማውን አያወልቅም። እናቴ ለማውለቅ ስትጎነበስ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፤ ምናልባት ከቤት ከጠሩት ብሎ ነው። እሷም ትተወዋለች። ጋቢ ደርባለት መብራቱን ሳታጠፋ ትሄዳለች።

መልካም ገና ይሁንላችሁ። ለእሱም፣ ዛሬ የትም ይሁን የት።