የተመዘገበ ቋንቋና የሚነገር ቋንቋ

በመጥፋት ላይ ስላሉ ቋንቋዎች በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀትና የአረጋውያንን ድምፅ መቅዳት ነው። ሥራው ማስፈለጉን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ቋንቋውን መዝግቦ ማኖር በሕይወት እንደ ማቆየት ሲቆጠር አልስማማም። ለዚህም ከጋፋት የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ጋፋት በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋት አስተርጉሞ ይዞ ሄዷል፤ የሥነ ልሳን ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ተናጋሪ ሲያፈላልግ ያገኘው አራት ሰዎችን ብቻ ሲሆን፣ ከእነርሱ የሰማውን መዝግቦ አሳትሟል። ስለዚህ የጋፋትን የግስ እርባታ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ዛሬም ያጠናል፤ በጋፋት ልጁን የሚቆጣ ወላጅ ግን የለም። ጋፋትን የተካው ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት አማርኛ መሆኑንም ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቅማንትነይም በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ብሔረሰቡ ከ170 ሺህ በላይ ሆኖ ሳለ፣ አፍ የፈቱት በቅማንትነይ መሆኑን የተናገሩት 2,000 እንኳ አልሞሉም።

ቋንቋ ሁልጊዜ በክልከላ አይጠፋም። ትምህርት ቤቱም ገበያውም ፍርድ ቤቱም በሌላ ቋንቋ በሆነበት ቦታ ወላጆች ለልጃቸው ይበጃል ብለው በትልቁ ቋንቋ ያሳድጉታል፤ ልጁም የአያቶቹን ንግግር ይሰማል እንጂ መልስ የሚሰጠው በትልቁ ቋንቋ ነው። የእርሱ ልጆች ደግሞ መስማቱንም አያገኙትም። በእኔ ግምት አብዛኛው ጥረት ሊያተኩር የሚገባው እየሰማ በማይናገረው በዚህ ትውልድ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹን መንገድ ሳያውቀው ሄዶታል፤ አፉን የሚያሲዘውም ብዙ ጊዜ ሲሞክር የሚሳቅበት መሆኑ ነው።

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሃንጋ ሬዮ የተባሉትን የሕፃናት መዋያዎች ሲከፍቱ ቋንቋውን የሚያውቁትን አረጋውያን በቀጥታ ከሕፃናቱ ጋር አዋሏቸው። ማኦሪ ይፋዊ ቋንቋ መሆኑ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ሕጉ ሕፃናቱን ተከትሎ መጣ ማለት ነው።

ተናጋሪዎቹ ጥቂት አረጋውያን ብቻ ለሆኑባቸው የካሊፎርኒያ ነባር ቋንቋዎች ደግሞ፣ የሥነ ልሳን ምሁሯ ሊያን ሂንተን የተሳተፈችበት ሌላ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጀመረ። አንድ አዋቂና አንድ ተማሪ በየሳምንቱ ለብዙ ሰዓታት አብረው ይውላሉ፤ ትልቁን ቋንቋ መናገር አይፈቀድም። ዕቃ ሲያጥቡ ውለው ከሆነ አዋቂው ሳህኑን አንስቶ ስሙን ይናገራል፣ «ያዝ» ብሎ ያቀብላል፣ «ገና አልጠራም» ብሎ ይመልሳል፤ ያልገባውን በምልክት ያስረዳል እንጂ አይተረጉምም። ተማሪው አስቀድሞ የሚይዘውም «ይህ ምንድን ነው?»፣ «እባክዎ ይድገሙልኝ» የሚሉትን የመሰሉ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ነው፤ በእነርሱ ሌላውን ሁሉ ይጠይቃልና። ከተማሪው ይልቅ አዋቂው የሚቸገርበትም ጊዜ አለ፤ ለብዙ ዓመታት የሚያነጋግረው አጥቶ የቆየ ሰው ሳያስበው ወደ ትልቁ ቋንቋ ይመለሳል።

ዋምፓኖግ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ታሪክ ከዚህ አስተያየቴ ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። የማሳቹሴትስ ዋምፓኖጎች ቋንቋቸው ከመቶ ዓመት በላይ ተናጋሪ አጥቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1663 በዚሁ ቋንቋ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስና ሌሎች ጽሑፎችን ይዘው በጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ መሪነት ዳግም መናገር ጀምረዋል። መዝገቡ ባይኖር ይህ ባልተቻለ ነበር። ይሁን እንጂ ቤርድ ያን ሁሉ አጥንታ በጽሑፍ አልተወችውም፤ ልጇን በቋንቋው አፍ አስፈትታለች።

ከዚህ የተነሳ ለመቅዳት የሚሄድ ሰው ምን እንደሚቀዳ ቢያስብበት እመርጣለሁ። የሰውነት ክፍሎች፣ ቁጥሮችና አንድ ሁለት ተረቶች ብዙ ጊዜ ተቀድተዋል፤ ሁለት አረጋውያን እርስ በርስ ሲጨዋወቱ፣ አንዱ ሌላውን ሲያቋርጠው፣ ግብዣ በትሕትና ሲመልስ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሲያባብል ግን እምብዛም አይቀዳም። ነገ ቋንቋውን ቤቱ ሊያስገባ የሚፈልግ ወላጅ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው፤ ይህም ቃል በቃል እየጠየቁ ሊገኝ ስለማይችል መቅረጫውን ከፍቶ ሰዎቹን ለጨዋታቸው መተው ይሻላል።