«ብርድ ነው» የተባለው እግሬ፦ የ12 ሳምንት ማስታወሻ

እርጉዝ እህቶቼ፣ በተለይ ሰው ሁሉ ተኝቶ እናንተ ብቻ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ደብረ ብርሃን የምኖር መምህርት ነኝ። የያዝኩት ሁለተኛ ልጄን ነው። ማስታወሻውን የጀመርኩት ኅዳር 10 ቀን፣ 24ኛ ሳምንቴ ላይ ነበር። ዛሬ የካቲት 4 ነው። 36 ሞላሁ።

መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት እግሬን የሚይዘኝን ስሜት ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ነበርና። ሕመም አይደለም። ማሳከክም አይደለም። ጋደም ባልኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ከጉልበቴ በታች የሆነ ነገር ይወረኛል። ቆዳው ላይ አይደለም፣ ከውስጥ ነው። የተናጠ ሚሪንዳ ቅልጥሜ ውስጥ የፈሰሰ ይመስላል። እግሬን ካላወራጨሁት ልጮህ እደርሳለሁ። ሳወራጨው ይተወኛል። ተመስገን ብዬ ዓይኔን ስጨፍን እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ባለቤቴ «ሌሊቱን ሙሉ ብስክሌት ስትነጂ ነው የምታድሪው» ይለኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝም አላርፍም መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን መትቼዋለሁ።

ጎረቤት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ብርድ ነው። እኛ አገር ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው፣ ወገብ ቢያም ብርድ ነው፣ ልጅ ቢነጫነጭ ብርድ ነው። አይፈረድባቸውም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። እኔም አመንኩ። ካልሲ በካልሲ ደረብኩ። አማቴ ከመንዝ ያመጡትን ባና አለበሱኝ። ባና የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ በግ ተሸክሞ እንደመተኛት ነው። እግሬ መንፈራገጫ አጣና ጭራሽ ባሰበት።

ከዚያ ደግሞ የሠራሁት ጥፋት አለ። አንዷ ጎረቤቴ «ከሰሉን አቀጣጥዪና መኝታ ቤት አስገቢው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቅሻል» አለችኝ። አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱንም በጨርቅ ወተፍኩት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ራሴን እየወቀረኝ፣ ሊያስመልሰኝ እያለ ነቃሁ። ባለቤቴ ምድጃውን ብድግ አድርጎ ግቢ ውስጥ ወረወረው። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም። ጭሱ ጠፍቷል፣ ፍሙ ቀልቷል ተብሎ የሚታመን ነገር አይደለም። ከእናት አልፎ ማሕፀን ያለውን ልጅ አየር ያሳጣዋል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱብኝ።

በማግስቱ ከተማሪዎች ደብተር አንዱን ትርፍ አንሥቼ መስመር አሰመርኩ። ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ እግሬ ከ10 ስንት አስቸገረኝ፣ ምን በላሁ፣ ምን ጠጣሁ፣ ምን ዋጥኩ። ሌላ ዘዴ ስላጣሁ ነው እንጂ ብልጠት አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ7 ሌሊት 6ቱ መጥፎ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ 10 ከ10 አለ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ከአንድ መድኃኒት ቤት «ይህ እንቅልፍም ያመጣልሻል» ተብሎ ክኒን ተሰጥቶኝ ነበር። እርጉዝ መሆኔ ከሩቅ እየታየ ማንም ምንም አልጠየቀኝ። እንቅልፉስ መጣ። ዓይኔ ተከድኖ፣ እግሬ ግን ሠርግ ቤት ነው ያደረው። በኋላ እንደተነገረኝ እነዚያ የሚያስተኙ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች ይህንን ነገር ያብሱታል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲልም እንደዚያው። ሐኪም ያዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ግን «እግሬ እንዲህ ያደርገኛል» ብላችሁ ንገሩት።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ለቤተሰብ ጉዳይ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ምንም አይደለችም። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ፣ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ጫጫን ሳናልፍ እግሬ ጀመረኝ። ጉልበቴን ማንቀሳቀሻ ቦታ የለም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ጣቶቼን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አጠገቤ ያሉትን አባት ስንት ጊዜ እንደነካኋቸው አላውቅም። ሸኖ ስንደርስ «ወራጅ!» አልኩ። ረዳቱ «እናት፣ አዲስ አበባ አይደል የከፈልሽው?» አለኝ። «አዎ፣ ግን ትንሽ ልራመድ» አልኩት። ሳቁብኝ። ቅቤ ነጋዴዎቹ መሀል አምስት ደቂቃ ተራመድኩና ተመለስኩ። እኚያ አባት ተነሥተው የዳር ወንበራቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ካለ ዳር ነው የምይዘው፣ ጠዋት ነው የምሄደው። ጠዋት እግሬ ጨዋ ነው።

በታኅሣሥ 8 ክትትሌ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሲስተሯ ገለጥ ገለጥ አደረገችና አራት ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ማንቀሳቀስ ያሰኝሻል? ስታርፊ ነው የሚብሰው? ስትነሺ ይተውሻል? ከቀን ማታ ይከፋል?» አራቱንም አዎ አልኩ። «እንግዲያ ብርድ አይደለም። እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ነው» አለችኝ። ከአምስት እርጉዞች አንዷን ገደማ ይይዛል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይብሳል፤ ብዙዎችን ከወለዱ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ይተዋቸዋል። ካርል አክሰል ኤክቦም የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. ዘርዝሮ ጽፎበታል፤ በእሱ ስምም ይጠራል። አላበድኩም ማለት ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ቀለል ብሎኝ ነበር።

የደም ምርመራ ወረቀቴን ደግማ አየችው። ሄሞግሎቢኔ 11.9 ነው። ለእርጉዝ ከ11 በታች ሲሆን ነው ደም ማነስ የሚባለው፣ ስለዚህ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እሷ ግን ሁለት ነገር አለች። አንደኛ፣ መመሪያው እንደ አገሩ ከፍታ ቁጥሩ እንዲስተካከል ያዛል። ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና የሆነ ቁጥር እዚህ ደጋ ላይ ያን ያህል ደህና አይደለም። ሁለተኛ፣ ሄሞግሎቢን ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው፤ የተቀመጠውን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ነው። እሱን ከፍዬ ውጭ አሠራሁት። 11 ሆኖ መጣ። ይህ የእግር ነገር ላለበት ሰው ከ75 በታች ሲሆን ነው ብረት ስለመስጠት የሚታሰበው። አንጎል እንቅስቃሴያችንን ለመቆጣጠር የሚጠቀምበትን ዶፓሚን የሚባለውን ነገር በአግባቡ ለመሥራት ብረት ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ በእነዚህ ወራት ከእናቱ ብረት ይስባል። እግሬን የሚያስጨንቀው እዚያ ላይ ያለው ጉድለት ነው አለችኝ።

«ግን እኮ ብረት እየዋጥኩ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። «መቼ ነው የምትውጪው?» አለችኝ። ደብተሬን አየሁት። 10 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ 10 ሰዓት። እንዳልረሳው ብዬ ነበር ከአማቴ ቡና ጋር ያደረግሁት። ከቶናው ጋር ነው የምውጠው። ሲስተሯ ግንባሯን ያዘች። ቡናና ሻይ ብረቱን ያስሩታል፣ ሰውነት አያገኘውም። ወተትም ከክኒኑ ጋር አይሆንም። በየቀኑ የዋጥኩት ብረት አብዛኛው ለካ ዝም ብሎ አልፎ ነው የሚሄደው።

ሐኪሙ የክኒኑን መጠን አስተካከለልኝ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ የኔን መጠን እንዳትወስዱ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከብርቱካን ጋር እውጣለሁ። ሻይ ትምህርት ቤት በ4 ሰዓት እረፍት ላይ። ቡና አንድ ስኒ፣ እሱም ከሰዓት በፊት። አማቴን ማስረዳት ከእግሬ በላይ አስቸገረኝ። «ቡናዬን ምን አልሽው ልጄ? ስወልድ ስኖር ቡና ስጠጣ አይደል የኖርኩት?» አሉ። አሁን ከሰዓት ሲያፈሉ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ ፈንዲሻውን እበላለሁ፣ ስኒዬን ገልብጬ። ያኔም ቅር ይላቸዋል።

ጾሙም ነበረ። አባ «ልጄ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው፣ ብዪ» ብለው ፈቅደውልኛል። ግን አማቴ ፊት ሥጋ መብላት አልቻልኩበትም። ስለዚህ እስከ ገና ምስርና ጎመን ነው፣ ሎሚ እየጨመቅሁበት፣ ቲማቲም በጎን። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ብረቱን ይረዳዋል። ከገና ወዲያ ሥጋውን ያዝኩ። ጉበት ግን አታብዢ ተብያለሁ፣ ቫይታሚን ኤው ለፅንስ ይበዛል። ሆድ ድርቀቱ አለ፣ ሰገራም ይጠቁራል። አትደንግጡ። ውኃ፣ ፍራፍሬና የገብስ ቂንጬ ይዞልኛል።

ውጤቱ? እንዳትጠብቁት ፈጣን አይደለም። ታኅሣሥ እንዳለ አለፈ፤ በሳምንት 5 ሌሊት፣ አንዳንዴ 6። ተስፋ ቆርጬ ደብተሩን አልጋ ሥር የወረወርኩበት ሳምንት አለ፣ ገጹ ባዶ ነው። ከጥምቀት በኋላ ነው ዞር ያለው። 3 ሆነ። ያለፈው ሳምንት 1።

ሌላው ለእንቅልፉ የረዳኝ ጥቃቅን ነገር ነው። በጎኔ መተኛት፣ ትራስ በጉልበቶቼ መሀል። ማታ ለብ ባለ ውኃ እግሬን መታጠብ። አማቴ ባቴን በቫዝሊን ያሹልኛል፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ በዚያ መሀል ካልተኛሁ አበቃ። ውኃዬን ቀን ላይ ጠጥቼ መጨረስ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የኛ ሽንት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውርጭ ላይ በነጠላ ጫማ ወጥቶ የተመለሰ ሰው እንቅልፉ እዚያው ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን የረዳኝ እንዝርት ነው። አንድ ሌሊት አማቴ ስንቆራጠጥ ሰሙና ተነሡ። ምንም አላሉም፤ ባዘቶውንና እንዝርቱን አመጡልኝ። «እጅሽ ሥራ ሲይዝ እግርሽ ይረሳል» አሉ። ለካ ሐኪሞቹም ያንን ነው የሚሉት፣ ሐሳብ የሚይዝ ነገር ስሜቱን ያቀለዋል። መጀመሪያ ክሩ በየስንዝሩ ይበጠስ ነበር። አንዱ ጋ ገመድ፣ አንዱ ጋ ፀጉር። ሲወረኝ ቆሜ እፈትላለሁ። ሲቀለኝ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ እንዝርቱን ጭኔ ላይ አሾራለሁ። አማቴ ፈትሌን በጣታቸው ያዝ አድርገው «ለድር አይሆንም» አሉ። «ለማግስ?» ስላቸው «ሸማኔው ደግ ከሆነ» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለዩልኝ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ሲነካ ካመመ፣ ያ ሌላ ነው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፊት ማበጥ፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታም እንዲሁ። መዳፍና ውስጥ እግር ሌሊት ሌሊት የሚያሳክካችሁም ብትሆኑ ተመርመሩ።

እስከ ጥር መጨረሻ 6 ልቃቂት ሞላሁ፤ ለልጁ ማቀፊያ ነው። ሰባተኛው ተጀምሮ እዚያው ቆሟል። አማቴ ዛሬ ጠዋት ባዘቶውን እያገላበጡ «ምነው ልጄ፣ ሰነፍሽ?» አሉኝ። ተኝቼ አድሬ ነበር።